በሌለበት የሚፈረድበት ወገን

በደቡብ ወሎዋ ከተማ በመካነ ሰላም ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ ፖለቲካ ሲከራከሩ ጠጋ ብላችሁ ብትሰሙ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አታልፉም። ሁለቱም ምስክር አድርገው የሚጠሩት ሰው ቦረና ወረዳ ውስጥ የለም። አንዱ «እገሌ እኮ ትናንት አፍረጥርጦ ተናገረው» ሲል ስሙን የሚጠራው ሰው ዋሽንግተን ወይም ለንደን ሆኖ በዩቲዩብ የሚተነትን ነው። ሌላው የሚመልስለት ማታ በቴሌቪዥን የሰማውን መግለጫ እንዳለ ነው። ተከራካሪዎቹ ግን የአንድ ቅሬ፣ ማለትም የአንድ እድር፣ አባላት ናቸው። ልቅሶ አብረው ተቀምጠዋል፣ መቃብር አብረው ቆፍረዋል፣ በልጅ ሠርግ አንዱ የሌላውን እንግዳ አስተናግዷል። ቃሉም፣ ቁጣውም፣ ስድቡም ሌላ ቦታ ተሰናድቶ የመጣላቸው ነው፤ እነሱ ዘንድ የሚቀረው ኩርፊያው ነው።

ይህ ኩርፊያ ያሳስበኛል። በወሰን ተጣልተው ለዓመታት ፍርድ ቤት የተመላለሱ ቤተሰቦች እንኳ ልቅሶ ሲሆን በሚደራረሱበት አገር፣ አይተውት በማያውቁት ሰው ቪዲዮ የተነሳ ሰላምታ ያቋረጡ ጎረቤታሞች አይቻለሁ። ነገሩ ከየት እንደሚነሳና በምን ሊበርድ እንደሚችል የማምንበትን ልጻፍ።

ከደሴ ተነስቶ በጊምባና በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚያደርሰው መንገድ ሰፊ ደጋ ያቋርጣል። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ መሬቱ እያቆለቆለ ዓባይ ላይ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በሳይንትና በለጋምቦ እስላሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶ ተዋልዶ ይኖራል። በአንድ ቤት አጎትየው ሰይድ፣ የእህት ልጅ ገብረ ሥላሴ ቢባሉ የሚገረም የለም። በዚህ ምክንያት ወሎ የመቻቻል ምሳሌ እየተባለ ሲሞገስ ኖሯል። ሙገሳው ግን አንድ ነገር ይሸፍናል። ያ አብሮነት በየቅሬውና በየሽምግልናው በብዙ ድካም ሲጠገን የኖረ ነው። ጠጋኝ ካጣ ይፈርሳል።

ይህ ደጋ ከሩቅ አገር ጋርም በሥጋ የተሳሰረ ነው። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል በሰፈራ ሲወስድ ከደቡብ ወሎ የሄደው ብዙ ነበር። ወንድም ወንድሙን፣ እህት እህቷን ወደዚያ የሸኘችበት ቤት በየቀበሌው አለ። እዚያ የተወለዱት ልጆች ኦሮምኛ ይናገራሉ፣ ከኦሮሞ ጎረቤቶቻቸው ጋር አርሰዋል፣ ተጋብተዋል። ስለዚህ አንድ ተንታኝ ባሕር ማዶ ተቀምጦ ሕዝብን በጅምላ ሲሰድብ፣ ቃሉ የሚያርፈው በጠላቱ ላይ ብቻ አይደለም። ከዚያ ሕዝብ መካከል ቤት ሠርቶ የሚኖረው የመካነ ሰላም ልጅ ላይም ያርፋል። ለግድያ ተጠያቂው ገዳዩ ነው፤ በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም። ነገር ግን ወገኔን እወዳለሁ የሚል ሰው ቃሉ የት ድረስ እንደሚሄድ ሊያስብ ይገባዋል።

ሰኔ 11 ቀን 2014 በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። አብዛኞቹ አማሮች ነበሩ፤ ከሟቾቹ መካከል ሴቶችና ሕፃናት ይበዙ ነበር። መንግሥት ግድያውን የፈጸመው «ሸኔ» የሚለው በኦሮሚያ የሚንቀሳቀስ ታጣቂ ቡድን እንደሆነ ተናገረ፤ ቡድኑ ደግሞ አስተባብሎ በመንግሥት ኃይሎች ላይ አላከከ። በዚያ ሰሞን ወንድማቸው በሰፈራ ወደ ወለጋ የሄደባቸው አንዲት እናት ቤት ተቀምጬ ነበር። ቡና ተፈልቷል፤ የሚጠጣው ግን የለም። ሁለት የእህታቸው ልጆች በየስልካቸው የተለያየ ቻናል ከፍተው ይጨቃጨቃሉ። አንዱ «ሸኔ ነው፣ ነገሩ ያለቀ ነው» ይላል። ሌላው «መንግሥት ራሱ ነው ያስፈጃቸው፣ ይኸው ማስረጃው» እያለ ስልኩን ያሳያል። እናትየዋ በመካከል ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ «የኛዎቹ ያሉበት ቀበሌ ስሙ ማን ነበር? ቶሌ ነው ወይስ ሌላ?» የሚመልስላቸው አልነበረም። ጎረቤት የሆኑ አንድ ሼህ ገብተው ትንሽ ካዳመጡ በኋላ ልጆቹን «አንተም ተው፣ አንተም ተው፤ መጀመሪያ ሰው ይፈለግ» አሏቸው። ደብተር ተፈልጎ መጣ። ወለጋ ያሉ ዘመዶች ስም፣ የሚኖሩበት ቀበሌ፣ የሚታወቅ ስልክ ካለ ስልኩ ተጻፈ። ለእናትየዋም «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» አሏቸውና ስልክ መደወል ተጀመረ። የወንድማቸው መትረፍ በኋላ የተሰማው እዚያው አገር ኔትወርክ ያገኘ አንድ የሰፈራ ሰው ደውሎ ነው። ሁለቱ ወጣቶች ቀኑን ሙሉ ሲሰሟቸው ከዋሉት ቻናሎች አንዱም የዚያን ቀበሌ ስም አላነሳም ነበር።

ወጣቶቹን አልወቅስም። የሚሰሙት ነገር የተሠራው ይህን እንዲያደርጉ ነው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ከሚጠይቃቸው መመዘኛዎች መካከል 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ይገኙበታል። ከዚያ በኋላም ገንዘቡ የሚመጣው ተመልካች በበዛና ረጅም ሰዓት በቆየ መጠን ነው። እውነት መናገር በመመዘኛው ውስጥ ቦታ የለውም። ተመልካችን ከሁሉ በላይ አስሮ የሚያስቀምጠው ደግሞ ፍርሃትና ቁጣ ነው። ርዕሱ «ሰበር» ወይም «ጉዱ ወጣ» ሳይባል ቢቀር የሚከፍተው ይቀንሳል። የቲክቶክ ላይቭ ደግሞ ይብሳል። ሁለት ተሰዳዳቢ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ የየወገኑ ደጋፊ ስጦታ ያዘንባል፣ ስጦታው ወደ ገንዘብ ይለወጣል። ስድቡ ሲከር ስጦታው ይጨምራል። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሰስ ሃውገን መስከረም 25 ቀን 2014 ለአሜሪካ ሴኔት ምስክርነት ስትሰጥ፣ ብዙ ሰው የሚነካካውን ጽሑፍ ወደ ፊት የሚያመጣው የኩባንያው አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔር ግጭትን እያራገበ ነው ብላ አገራችንን በስም ጠርታለች።

የመንግሥትን ጣቢያዎች ከዚህ ነፃ የሚያደርግ ሰው ካለ አልስማማም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ሕወሓትን «ጁንታ» ከማለት የሚቆጠብ ጣቢያ ማግኘት ከባድ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ «ጽንፈኛ» የሚለው ቃል መሣሪያ ለያዘውም፣ ለተቺውም፣ መንገድ ላይ ለተገኘውም ይውላል። በሌላው ወገን ያሉት «ባንዳ»፣ «ሆዳም»፣ «ተላላኪ» ይላሉ፤ የቀበሌ ጸሐፊውም፣ የጤና ጣቢያ ነርሷም፣ ደመወዙን የሚጠብቀው መምህርም በዚያ ስም ይጠራሉ። የየክልሉ ቴሌቪዥን የራሱን ሟች በስም ይጠራል፣ የሌላውን ሟች በዝምታ ያልፋል። ማዶ ያለው ሰው ቀርቦ ሲጠየቅ፣ ሲመልስ አይታይም። ሁሉም በሌለበት ይፈረድበታል።

መካከለኛ ድምፅ በዚህ አገር በራሱ ጊዜ አልደከመም፤ ተገፍቶ ነው የወጣው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የግል ጋዜጦች ሲዘጉ፣ አዘጋጆች ሲታሰሩ፣ በርካቶች አገር ጥለው ሄዱ። በ2002 ዓ.ም. አዲስ ነገር ጋዜጣ ሲዘጋ ደግሞ በጥናትና በጭምት ክርክር የሚጽፉ ወጣቶች አገር ለቀው ወጡ። በዚያው ዓመት ኢሳት፣ በ2006 ኦኤምኤን የተባሉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በውጭ አገር ሥርጭት ጀመሩ፤ የተዘጋውን ክፍተት ሞሉ። ለታፈነው ሰው ድምፅ መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ከአገር ርቆ የሚሠራ ጣቢያ ዘጋቢውን ወግዲ ወይም ጊምቢ ልኮ ማጣራት አይችልም፤ ያለው አማራጭ ተንታኝ ማስቀመጥ ነው። ከዘገባ ይልቅ ትንተና የለመድነው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። አገር ውስጥ ዘጋቢ ሊያሰማራ የሚችለው የመንግሥት ጣቢያ ደግሞ ዘጋቢውን ወደ ስብሰባ አዳራሽ ይልከዋል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ከባሕር ዳር የሚቀርብ ምሳሌ የለም። ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ትግራዊ ናቸው። በ2014 መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ወደ ወሎ በገባበት ወቅት፣ ፎቶግራፋቸውን፣ የሚሠሩበትንና የሚኖሩበትን ሰፈር የያዙ ጽሑፎች በፌስቡክ ተለጠፉ። ያልተጣራ ውንጀላ ተደረደረባቸው። ከሥሩ አስተያየት የሚሰጠው ሰው ይዝትባቸው ጀመር። ልጃቸው አብርሃም ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው በተደጋጋሚ አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ኩባንያው ከጽሑፎቹ አንዱ ደንቡን እንደጣሰ ያሳወቀው ከሞቱ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 2015 ልጃቸው ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ ናይሮቢ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ክስ መሠረተ፤ መጋቢት 25 ቀን 2017 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።

እኛ አማሮች ይህን ታሪክ ጮክ ብለን መናገር ያለብን ይመስለኛል። ቶሌ ላይ ለሞቱት ስናለቅስ፣ መተከል ላይ ለታረዱት ስንጮህ፣ የሰማን ሰው «የማዕረግን ደም ጠየቃችሁ ወይ?» ቢለን መልስ ያስፈልገናል። በወሎ ሽምግልና ካሳ የሚጠይቅ ወገን መጀመሪያ የራሱን ጥፋት ይናገራል። በዚያ ሰሞን ጥቅምት 2014 የሕወሓት ተዋጊዎች ደሴና ኮምቦልቻን ይዘው እንደነበርም አልዘነጋሁም፤ የደረሰው ግፍ በዓይናችን የታየ ነው። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ግን በዚያ ተጠያቂ አልነበረም። በዚያን ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባ፣ አንድ የቀድሞ ተማሪ «እኚህን ሰው አውቃቸዋለሁ፣ ይህ ውሸት ነው» ብሎ ከጽሑፉ ሥር ቢጽፍ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር አስባለሁ። ልከኝነት ስል የማስበው ያንን ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውን ዓረፍተ ነገር ለራስ ወገን መጻፍ።

የምስልና የወሬ ነገር ለወሎ አዲስ አይደለም። በ1908 ዓ.ም. ልጅ እያሱ ሰልመዋል የሚል ክስ ሲነዛ፣ በእስላም ልብስ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር፤ ከፎቶግራፎቹ ቢያንስ የተወሰኑት ተቀነባብረው የተሠሩ ናቸው ተብሎ ሲጻፍ ኖሯል። እያሱ ከእስላም ባላባቶች ጋር መቀራረባቸው እውነት ነበር፤ የመንግሥት ሰዎች ቁጭ ብለው ሊከራከሩበት የሚገባ ጉዳይም ነበር። ፎቶግራፉ ግን ክርክርን አላስፈለገም አሰኘ። የሚታይ ነገር ስለሆነ «ዓይኔ አየ» ተባለ። መስከረም 17 ቀን 1909 አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን መሻራቸው ታወጀ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። በዚያ ሜዳ የወደቀው የወሎ ሰውና የሸዋ ሰው በሺዎች የሚቆጠር ነው። የወደቀው ባላገር ፎቶግራፉን አላየውም፤ ስለ ፎቶግራፉ ብቻ ነው የሰማው። ዛሬ በኮምፒዩተር የማንንም ሰው ድምፅና ፊት አስመስሎ መሥራት በተቻለበት ጊዜ ሰገሌን ደጋግሜ አስባለሁ።

ከዚያም ወዲህ በ1968 እና በ1969 የኢሕአፓው «ዴሞክራሲያ» እና የመኢሶኑ «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» የተባሉ የፓርቲ ልሳኖች ሲወራረፉ ያነበበ ሰው ዛሬ የሚሰማውን ቃና ያውቀዋል። ሁለቱም ወገኖች ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነበቡ ነበሩ። የተለያዩት በአብዛኛው በመንገድ ነበር። በመጨረሻ ሁለቱም በደርግ እጅ አለቁ። ከዚያው የተማሪዎች ንቅናቄ የወጣው፣ ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተማረው የወሎው ልጅ ዋለልኝ መኮንን በ1962 ስለ ብሔረሰቦች ጉዳይ የጻፈው አጭር ጽሑፍ ገጹ ቢቆጠር ከአንድ ጋዜጣ አይበልጥም፤ ግማሹ እንደ ነቢይ፣ ግማሹ እንደ እርጉም የሚያነሳው ግን ጽሑፉን ሳያነብ ነው። ከመፍረዱ በፊት ቢያነበው ቢያንስ በምን እንደማይስማማ ያውቅ ነበር።

መንግሥት ለዚህ ሁሉ ያገኘው ቀላል መልስ ኢንተርኔት መዝጋት ሆኗል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለወራትም ተዘግቶ ቆየ። ወሬው ግን አልቆመም። ኔትወርክ ያለበት ከተማ የደረሰ ሰው ቪዲዮውን ያወርዳል፣ በሚሞሪ ካርድ ይዞት ይመጣል፣ ሞባይል ቤት ገብቶ ከሰው ስልክ ወደ ሰው ስልክ ይጫናል። በዚህ መንገድ የመጣ ቪዲዮ ቀኑ ይጠፋል። ከሁለት ወር በፊት የተባለው ዛሬ የተባለ ይመስላል፤ በሌላ አገር የተቀረጸው እዚሁ ማዶ የተቀረጸ ይመስላል። ኔትወርክ ቢኖር ኖሮ ማስተባበያው ቢያንስ ተከትሎ ይመጣ ነበር። መዝጋቱ ወሬውን አስገብቶ ማስተባበያውን ውጭ አስቀረው። ነጋዴው ገንዘብ ማዘዋወር፣ ተማሪው መመዝገብ፣ እናት ልጇን ማየት አለመቻላቸው ደግሞ ሌላ በደል ነው።

ሕግም አለ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ያደረገን ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሱም ያዛል። ሕጉ መኖሩን አልቃወምም። ነገር ግን የሕጉ እጅ የሚደርሰው ቅርብ ያለውን ነው። ሐዋሳ ወይም ደሴ የሚኖር ጋዜጠኛ ሊታሰርበት ይችላል፤ ባሕር ማዶ ሆኖ እልቂት የሚሰብከውን አይነካውም፤ በመንግሥት ጣቢያ ተቀምጦ የሚሳደበውንም ሲነካ አላየሁም። በአንድ ወገን ላይ ብቻ የሚሠራ ሕግ ሌላውን ወገን ያጸድቃል።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ በመንግሥትና በሕወሓት መካከል የተፈረመው ስምምነት ከተኩስ አቁሙ ጋር አያይዞ ወገኖቹ የጠላትነት ቅስቀሳና የጥላቻ ንግግር እንዲያቆሙ መደንገጉ ብዙ አልተወራለትም። ያን አንቀጽ የጻፉት ሰዎች ጦርነቱ ከጥይት በፊት በአፍ እንደተጀመረ ገብቷቸዋል ማለት ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ።

«ደም እየፈሰሰ ልከኛ ሁኑ ማለት ለበዳይ ማገዝ ነው» የሚሉኝ አሉ፤ ከእነሱም መካከል ዘመድ የሞተባቸው፣ ቤት የተቃጠለባቸው ይገኛሉ። ክርክራቸው ከባድ ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። መሃል ሰፋሪ የሚባለውን ሰው እኔም አላከብረውም። ግፍ ሲፈጸም «ሁለቱም ወገን ጥፋት አለበት» ብሎ ከንፈሩን መጥጦ የሚያልፍ ሰው ለሟችም ለኗሪም አይጠቅምም። እኔ የምጠይቀው አቋም እንዲለሰልስ አይደለም። መንግሥትን አጥብቆ የሚቃወም ይቃወም፤ የሚደግፍም ይደግፍ። ጥያቄዬ ስለ ሥርዓቱ ነው፦ የሰማኸውን ከማን ሰማኸው? እሱስ አይቷል? የተከሰሰው ምን አለ? የራስህ ወገን ያደረገውን በዚያው ሚዛን መዝነኸዋል? እነዚህን የሚጠይቅ ሰው በበዳይ ላይ የሚያቀርበው ክስ ይጠነክራል እንጂ አይላላም። የተጋነነ ቁጥር ጠርቶ በማግስቱ የተስተባበለበት ሰው ለእውነተኛው ሟች ያደረገው ውለታ የለም፤ እውነተኛውን ግፍ ሁሉ አብሮ አስጠርጥሮታል።

ይህ ሥርዓት ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ሥልጠና አያስፈልገውም። ወሎ ውስጥ ነፍስ ሲጠፋ ደም ለማድረቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች እንዴት እንደሚሠሩ ያየ ያውቀዋል። የገዳይ ወገንና የሟች ወገን መጀመሪያ ፊት ለፊት አይገናኙም። ሽማግሌዎቹ በመካከል ይመላለሳሉ። የሟች ወንድም በንዴት «ዘሩን አላስቀርም» ቢል ሽማግሌው ያንን ቃል ይዞ አይሄድም። ማዶ ሲደርስ «ልባቸው ተሰብሯል፣ ኀዘናቸው ገና ትኩስ ነው» ብሎ ይናገራል። ውሸት አልተናገረም፤ የቃሉን ሥር ወስዶ እሾሁን አስቀርቶታል። የገዳይ ወገንም የሰጠውን የእብሪት መልስ እንዲሁ አለዝቦ ይመልሳል። ነገር ግን የሆነውን አይደብቅም፤ ማን መታ፣ በምን መታ፣ ማን አየ የሚለውን ምስክር አቁሞ ያጣራል። ቻናሉም እንደ ሽማግሌው በሁለት ጠበኞች መካከል ቃል አመላላሽ ነው። የሚሠራው ግን በግልባጩ ነው፤ ከአንዱ ወገን ሺህ ሰው ከተናገረው መካከል የከፋችዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር መርጦ፣ በቀይ አክብቦ፣ ለሌላው ወገን ያደርሳል። የሆነውን ግን አያጣራም።

ሽምግልናውን ያለ እንከን አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ሴቶች ብዙ ጊዜ አይቀመጡበትም፣ ወጣት ቢናገር ነውር ይባላል፣ ካድሬዎች ሽማግሌ መርጠው ያሰለፉበት ጊዜም ሞልቷል። ቢሆንም የተከሰሰውን ሳይሰሙ የሚወስኑ ሽማግሌዎች ውሳኔ እንደማይጸና ሁሉም ያውቃል፤ ይህን መርሕ ነው መውሰድ የሚገባን።

ደሴ የሚገኙ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ይህን ለመጀመር ይችላሉ። ዘጋቢ ወደ ወግዲና ወደ ከላላ ይላኩ፤ በ2015 ገበሬው ማዳበሪያ ባጣበት ጊዜ ማን ምን እንዳደረገ፣ የቦረናው የደንቆሮ ደን ለምን እንደሚቃጠል፣ መንገድ ለምን እንደሚቋረጥ ባለጉዳዩንና ባለሥልጣኑን በአንድ ፕሮግራም ያቅርቡ። ሰው የራሱን ቀበሌ ጉዳይ ከሁለት ወገን መስማት ከለመደ የአገሩን ጉዳይ ከአንድ ወገን ሲነግሩት ይጎረብጠዋል።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው፤ ከየክልሉ የመጡ ልጆች ይማሩበታል። ጥቅምት 2012 ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ሲገደሉ ወሬው በፌስቡክ ከግቢ ግቢ እየተዛመተ ስንቱ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ እንደሄደ እናስታውሳለን። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» በሚለው አሠራር ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን ከከተማው ነዋሪ ቤተሰብ ጋር አዛምዷል። መካነ ሰላም ላይ ይህ ለምን አይሆንም? ከነቀምት የመጣች ልጅ የምታውቃት የቦረና እናት ካለቻት፣ ያቺ እናት ስለ ነቀምት የምትሰማውን ወሬ የምታጣራባት ልጅ አገኘች ማለት ነው። የሰፈራ ዘመዶች ላሉት አገር ይህ ከሁሉ የቀረበ ሥራ ይመስለኛል።

ባሕር ማዶ ላሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ከቦረናና ከሳይንት ወጥታችሁ ቨርጂኒያ፣ ሪያድና ዱባይ የምትኖሩ፣ ለዘመድ ሕክምና፣ ለልጅ ትምህርት፣ ለመስጊዱና ለቤተ ክርስቲያኑ የምትልኩት ገንዘብ ስንት ቤት እንዳቆመ እናውቃለን። አንዳንዶቻችሁ ከዚያው ኪስ በላይቭ ለሚሳደበውም ስጦታ ትልካላችሁ። ገንዘቡ የላባችሁ ዋጋ ነው፤ ለማን እንደሚሰጥ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ስለ መካነ ሰላም የተነገረ አስደንጋጭ ነገር ስታዩ ግን፣ ለሌላው ከማጋራታችሁ በፊት የእናታችሁ ቅሬ ዳኛ ስልክ አለው፤ መስመሩ በሚሠራበት ቀን ደውላችሁ ጠይቁት። እሱ ካላወቀ የሚያውቀውን ሰው ይጠራላችኋል።